ውጪ፣ ውጡ፣ ይውጡ

እግር ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ስል ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ መብታቸው ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጎንደር ላይ ለአስተማሪነት በምንሠለጥንበት ኮሌጅ፣ የሴቶቹ ቡድን አምበል ነበርኩ። አምበል የሆንኩት ከሌሎቹ የተሻለ ስለምጫወት አይደለም፤ የከተማ ልጅ ነሽ፣ መጮህ ትችያለሽ ተብዬ ነው። እውነት ነው፣ እችላለሁ። ያን ዓመት ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ ከረምኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ያመጣብን የኮሌጁ ካድሬ ነው። አንድ ጧት አዳራሽ ሰብስቦ የኮሌጆች የሴቶች ሻምፒዮና ሊካሄድ ነው፣ የተጨቆነችው ሴት ከጓዳ ወጥታ ሜዳ ላይ ትታያለች አለን። ትጫወታላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። በማግሥቱ በፈቃዳችን እንደተመዘገብን ሰማን። ማሊያው ወንዶቹ የጣሉት አሮጌ ነው፤ እኔ ስለብሰው ጉልበቴ ላይ ይደርሳል። ኳሷ አንድ ናት፤ እሷም የወንዶቹ ናት፤ እነሱ እስኪጠግቡ ዳር ቆመን ብርድ ይገርፈናል። ሜዳው ደግሞ የሰፈሩ ላሞች መዋያ ነው፤ የወደቀ ሰው በምን ላይ እንደወደቀ ሽታው ይናገራል። ካድሬው ቁምጣ ልበሱ ይላል። እናቶቻችን ቁምጣ ለብሳችሁ ብናይ እግራችሁን እንሰብራለን ይላሉ። በመጨረሻ ከሥር ቱታ፣ ከላይ ጉርድ ቀሚስ አድርገን ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘን፤ እኛ ግን በየቀሚሳችን እየተጠለፍን ስንወድቅ እንውላለን። አሠልጣኛችን የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ብንወድቅም አይዟችሁ፣ ብንሸነፍም አይዟችሁ። ስለዚህ የመቆጣቱ ሥራ ለእኔ ተረፈ።

በረኛችን ከሁላችንም ታላቅ ነበረች። ደምቢያ ውስጥ፣ ኮላ ድባ አጠገብ፣ ብዙ ዓመት ያስተማረች፣ ባለ ትዳር፣ የልጅ እናት ናት። ኮሌጅ የገባችው ደረጃዋን ልታሻሽል ነው። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። እንዲህ ያለችን ሴት ነይ በረኛ ሁኚ ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አልነበረም፤ ራሷ ናት አንድ ቀን ነጠላዋን አጣጥፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ግቡ መካከል ገብታ የቆመች። እርስ በርሳችን ተያየን። ደግሞ ትይዛለች! ኳስ ስትይዝ ከአልጋ ሊወድቅ ያለ ሕፃን እንደምትቀልብ እናት ነው፤ አታስመልጥም።

ምክንያቷን የነገረችኝ አብረን ማሊያ ስናጥብ ነው። ባሏም አስተማሪ ነበር፤ ካድሬዎች ለግንባር መልምለው ወሰዱት፣ ቆሰለ፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቷል ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ወሬ ነው። አንዱ ይመጣና ሁለት እግሩን ተቆርጧል ይላታል። ሌላው ኧረ አንዱን ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም አልሆነ፣ ጭረት ናት ብሎ ይምልላታል። ሄዳ እንዳታይ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት የለም፤ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዷታል። ቀበሌ ስትሄድ ከኮሌጅሽ አምጪ፣ ኮሌጅ ስትሄድ ከቀበሌሽ አምጪ፣ ካድሬው ዘንድ ስትገባ ደግሞ ይህ የግል ጉዳይ ነው፣ ጊዜው የግል ጉዳይ የሚነሣበት አይደለም ይላታል። ሰው ባሏን ማየት የግል ጉዳይ ሆኖባት እንዲህ ትንከራተታለች። በኋላ ግን ሻምፒዮናውን ያሸነፈ ቡድን ለሚቀጥለው ውድድር ባሕር ዳር እንደሚሄድ ሰማች። ለቡድን ይለፍ በጅምላ ነው የሚሰጠው።

«እግሩ ይኑር አይኑር ማወቅ ነው የምፈልገው» አለችኝ ማሊያውን እየጨመቀች። «ቆርጠውትም ከሆነ ልወቀው። በዓይኔ ልየውና ልወቀው።»

ነገሩ ከእኔ አላለፈም ብል ውሸት ነው፤ በሳምንቱ ቡድኑ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ከልምምድ አልቀረም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ኳስ ሲስት ሳይ አንጀቴ ነው የሚያርረው።

አሁን ወደ ወገራዋ ልጅ ልምጣ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ተከላካይ ነበረች። እግሯስ ጉድ ነው! ኳሷን ስትመታት ላሞቹ ደንብረው ይሄዳሉ። በእሷ በኩል ያለፈች አጥቂ አላየሁም። ሸጋ ልጅ፣ ታዛዥ፣ ትሑት። ጉድ ያፈላብን ይኸው ትሕትናዋ ነው። ታላቋን አንቺ ማለት አትችልም። እምቢተኛ ሆና አይደለም፤ ከአፏ አይወጣም።

«እትዬ፣ እባክዎ ይችን ኳስ ይያዙልኝ» ትላለች በረኛዋን። ንግግሯ ሲያልቅ ኳሷ ግብ ውስጥ ገብታ፣ ባሕር ዛፎቹን አልፋ፣ ቁልቁል እየተንከባለለች ነው። ሄዶ ማምጣት ነው እንግዲህ። ማን ያመጣል? አምበሏ።

ሜዳ ላይ ሁሉም ሰው አንቺ ነው ብዬ ደነገግኩ። አንቱ ያለች ሜዳውን በሩጫ ትዞራለች። ወገራዋ ዞረች፤ ደጋግማ ዞረች። ቅጣት መሆኑም የገባት አይመስለኝም፤ እየሣቀች ነው የምትዞረው። እግሯን አጠነከረላት እንጂ አፏን አላረመላትም። ነገሩ ካድሬው ጆሮ ደረሰና ሰበሰበን። አንቱ መባባል የፊውዳል ርዝራዥ ነው፣ ጓዶች እኩል ናቸው፣ እኔንም ቢሆን አንተ በሉኝ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ወደ ወገራዋ ዞሮ ገባሽ ወይ አላት። እንዴታ ጓድ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሆናል አለችው። የሳቀ የለም፤ ያን ጊዜ ካድሬ ፊት አይሳቅም። እኔ ግን ከንፈሬን ነክሼ ልሞት ነበር።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከአሠልጣኛችን ዘዴ ነው። የሚያውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። «ውጡ!» ሲባል ተከላካዮቹ ሁሉ ባንዴ ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ የተጋጣሚ አጥቂ ከኋላቸው ብቻዋን ትቀርና ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ብሎ ይነፋል። «ውጪ!» ሲባል ግን ለበረኛዋ ብቻ ነው፤ ግቧን ለቃ ወጥታ ኳሷን ትይዛለች። ውጡ ለተከላካይ፣ ውጪ ለበረኛ። ሕፃን የማይስተው ነገር! ለፍልፌ ለፍልፌ ይህን አስጠናኋቸው። ወገራዋ ግን በረኛዋን ውጪ በያት ሲባል ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምነው እቴ፣ ስንት ልጅ ያስተማሩን ሰው ውጪ ይሏል?» አለችኝ። «ከቤት እንደሚያባርሩት?»

ተለማመጥኳት፣ ተቆጣኋት፣ ራሴን ይዤ ጮህኩ። በረኛዋም ራሷ እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ አልቀየምሽም፣ ውጪ በይኝ ብላ ለመነቻት። እሺ እትዬ፣ እልዎታለሁ አለቻት። እልዎታለሁ! ከዚህች ልጅ ጋር ምን ይደረጋል? በመጨረሻ እኔና እሷ ተዋዋልን፤ ሜዳ ላይ ትንፍሽ እንዳትዪ አልኳት። እግርሽን አንሺ፣ አፍሽን ዝጊ። ይህን በደስታ ተቀበለች።

እንደዚህ ሆነን ለፍጻሜ ደረስን። በወገራዋ እግርና በበረኛችን እጅ ነው የደረስነው፤ እኔማ ከጭቅጭቅ በቀር ያዋጣሁት የለም። የፍጻሜው ቀን ከተማው ነቅሎ መጣ። ኳስ ሊያይ የመጣ አይመስለኝም፤ ሴት ቱታ ለብሳ ስትሮጥ ለማየት ነው። አንድ ሽማግሌ ዳር ቆመው እነዚህ ልጆች አባት የላቸውም ወይ እያሉ ያገኙትን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ግን እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ፊት ለፊት ወንበር ተደርጎላቸው ካድሬውና ከበላይ የመጡ እንግዳ ተቀምጠዋል። ተጋጣሚያችን እዚያው ከተማ ያለ ሌላ ኮሌጅ ነበር። ቁምጣ ለብሰው ብቅ አሉ፤ እነሱ በምን ይጠለፉ?

ቢሆንም ወገራዋ ቆማ ማን ሊያልፍ! የመጣውን ሁሉ ትመልሳለች። እሷን ያመለጠውን በረኛዋ ትይዛለች። እኛም ወደ ፊት ሄደን ምንም አናመጣም። እኩል ከተለያየን ዕጣ ይጣላል ተብሎ ነበር፤ እኔ በልቤ ዕጣውን መለመን ጀምሬያለሁ። ዳኛው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ያኔ አንድ ረጅም ኳስ ላኩ። በወገራዋ ራስ ላይ አለፈችና ከግባችን ፊት ነጠረች። አጥቂያቸው ትከተላታለች፤ ግን ገና ሩቅ ናት። በረኛችን ብትወጣ ቀድማ እቅፍ ታደርጋታለች። እሷ ግን የማታ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ኳሷን ትፈልጋለች። አደጋውን ያየች ወገራዋ ብቻ ናት። ዝም ካለች ግብ ነው። ግብ ከሆነ ባሕር ዳር ቀረ። ይህን ልጅቷ ታውቃለች። አፏን ከፈተች።

«ይውጡ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሕዝቡ ይጮኻል፤ «ይ»ዋን ጩኸቱ በላት። የተሰማው «ውጡ!» ነው። ተከላካዮቹ እንደ ተማሩት ባንድነት ወደ ፊት ተፈተለኩ። ዓመቱን ሙሉ ለምኛቸው እንዲህ አምሮ ወጥተውልኝ አያውቁም! በረኛዋም ውጡ የተከላካይ ነው ተብላለችና፣ ከጨዋታ ውጪ ሊባል ነው ብላ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ ቀረች። ኳሷ ከተላከች በኋላ መውጣት ምን ዋጋ አለው? ዳኛው አልነፋም። አጥቂዋ ባዶ ቦታ ላይ ደርሳ፣ ምን ጉድ ነው ብላ መሰለኝ፣ አንዴ ዞር ብላ አየችንና ኳሷን ቀስ አድርጋ አስገባቻት። ከዚያ በኋላ ፊሽካው የተነፋው ጨዋታው አለቀ ለማለት ነው።

ወገራዋ አቧራው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አንቺ ብትያት ምላስሽ ይቆረጥ ነበር ወይ አልኳት። ብዙ ሌላም ነገር አልኳት፤ ሁሉንም መጻፍ አያስፈልግም።

«ውጪ ልል ነበር» አለችኝ እያለቀሰች። «ከአፌ ሲወጣ ይውጡ ሆነ።»

በረኛዋ መጣችና ጎንበስ ብላ የልጅቷን ፀጉር ከአቧራው አራገፈችላት፤ አይዞሽ የኔ ልጅ አለቻት። እሷ ነበረች መቆጣት የነበረባት። ሰው እንዴት በዚህ አይቆጣም? እሷ ባለመቆጣቷ እኔ ይብሱን ተቃጠልኩ። ሜዳውን ለቀን ስንወጣ ዓይኗን ሳየው ግን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ በኩል ነበር የሚያየው።

በማግሥቱ አዳራሽ ተጠራን፤ ሁለቱም ኮሌጅ፣ እንግዳውም ባሉበት። ካድሬው ድሉን አሞገሰና አንድ ነገር አወጀ። አሸናፊው ቡድን ክፍለ ሀገሩን ወክሎ ስለሚሄድ ከተሸናፊው ሁለት ሰው መርጦ ይጠናከራል። የመረጡት እኔንና ወገራዋን ነው። እኔን ለምን እንደመረጡኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ጩኸቴን ሰምተው ይሆናል። በረኛ አያስፈልጋቸውም፤ ደህና በረኛ አላቸው። በረኛችን ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ተነሥቼ ልናገር አሰብኩ፤ ግን አልተነሣሁም። ያን ጊዜ ካድሬን ተነሥቶ መናገር ቀልድ አይደለም።

ወገራዋ ተነሣች። የተናገረችው መሬት መሬት እያየች ነው።

«እኔ አልሄድም። በኔ ቦታ እሳቸውን ስደዳቸው። አንተ ባላቸውን ስትወስድ ይለፍ አልጠየቅህም።»

አንተ! ያቺ ልጅ! እናቷን የምታክለዋን ይቅርና የሁለት ዓመት ታላቋን አንቱ የምትል ልጅ! የካድሬው ፊት ቲማቲም መሰለ። ምን እንዳናደደው አውቀናል፤ ግን ምን ብሎ ይቆጣ? አንተ በሉኝ ያለ ራሱ ነው። እኔ እጇን ይዤ ወደ ታች እየጎተትኩ፣ አለቀላት፣ ዛሬ እዚህ አታድርም እያልኩ ነው። ከበላይ የመጡት እንግዳ ግን ማጨብጨብ ጀመሩ! ይኸው የተጨቆነችው የገበሬ ልጅ ስትነቃ፣ ይኸው የአብዮቱ ፍሬ ብለው ቆመው አጨበጨቡ። ስለ በረኛዋ ባል የተባለውን የሰሙ አልመሰለኝም። ካድሬው ወደ እሳቸው አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ እሱም ማጨብጨብ ጀመረ። ምን ምርጫ አለው? በዚያው ጭብጨባ መካከል በረኛችን በወገራዋ ቦታ ገባች።

ልጅቷን ውጪ አገኘኋት። ጀግና ሆይ ልላት ስል እሷ የምታስበው ሌላ ነው። ምነው ሰውየውን አንተ አልኋቸው፣ ታላቄ አይደሉ፣ ይቅርታ ልበላቸው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። በረኛዋን አንቺ ብትል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ! ካድሬውን አንተ ስላለች ይቅርታ ልትጠይቅ! እጇን ይዤ ወደ መኝታ ክፍላችን ወሰድኳት እንጂ ያን ቀን ተመልሳ ሄዳ ይቅርታ ትጠይቀው ነበር።

ሄድን። አውቶቡሱ እንፍራንዝ ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ፤ ኬላ ላይ ደግሞ ወታደሩ ይለፉን ገልብጦ እየያዘ ሲያነብ ቆየ። በረኛችን ለባሏ የሠራችውን ጭኮ በቦርሳ አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። ባሕር ዳር ስንገባ ሌሎቹ ሜዳ ለማየት ሄዱ፤ እኔና እሷ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። የጥየቃ ሰዓት ሊያልቅ ነው አለ ዘበኛው፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ቶሎ ብላ ትውጣ። እሷ ገባች፣ እኔ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙም አልቆየች። ባዶ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ብድግ ብዬ ምን አለሽ አልኳት።

«ተኝቷል» አለችኝ።

ቀሰቀስሽው ወይ አልኳት። አልቀሰቀስኩትም አለች። ሰሞኑን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፣ አሁን ገና ነው የተኛ ብላ ነርሷ ነገረቻት፤ ስለዚህ ጭኮውን ራስጌው አስቀምጣ፣ ትንሽ ቆማ ወጣች። ነገ ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታው እንደወጣን እንመለሳለን፤ ሌላ ይለፍ የለም። እኔ እንደ እብድ ሆንኩ። ያ ሁሉ ልምምድ፣ ያ ሁሉ ልመና፣ ያቺ ልጅ ነፍሷን ሸጣ የተናገረችው ለዚህ ነው ወይ? መምጣትሽን እንኳ ሳያውቅ? ተመልሰሽ ግቢ፣ ዘበኛውን እኔ እለምነዋለሁ እያልኩ መንገድ ላይ ጮህኩባት። የሚያልፈው ሰው ቆሞ አየን።

እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ብርድ ልብሱን ገልጬ አየሁ» አለችኝ። «ሁለቱም አሉ። አንዱ ላይ ብዙ ፋሻ አለ፤ ግን አሉ።»

ከዚያ ፊቷ ተቆጣ። ዓመቱን ሙሉ ያላየሁትን ቁጣ ያን ጊዜ አየሁ።

«ጥፍሩ እንዲህ አድጓል» አለች፣ በጣቷ እያሳየችኝ። «መቼም እሱ ካልጨቀጨቁት አይቆርጥም።»

እስከ ማደሪያችን ድረስ ስለ ጥፍሩ ስትነጫነጭ፣ እንባዋም ሲወርድ ሄደች።